የማንቆርቆሪያው ኒዮን

ኦክቶበር 12፣ 1991

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ ለአልዊን አልነገርኩትም፤ ለቄሱም፣ ለእህቴም እንዲሁ። በ1974 በኖኤል ፓይበስ የነፍስ አድን መብራት ውስጥ የገባችው ኒዮን፣ ያቺ ትንሽ ቀይ አምፖል፣ ከሱቅ የመጣች አልነበረችም። ከወጥ ቤቴ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ላይ ነቅዬ ያስገባኋት እኔ ነኝ። አልዊን ያን ሳምንት ሆባርት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ኖኤል በማግስቱ ባሕር ይወጣል፤ የመብራቷ ኒዮን ደግሞ ተሰብራለች። ማንቆርቆሪያው ላይ ያለችው በመጠንም በቅርጽም ቁርጥ እሷን ነበረች። በየድኳት፤ መብራቷ ብልጭ አለች፤ ኖኤል አመስግኖኝ ሄደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያችኑ መብራት ከደረቱ እንዳሰረ ባሕር ላይ ሞቶ ተገኘ።

ጥፋት ነው ወይስ አይደለም? አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ መልሱን አላገኘሁትም። መብራቷ ስትገኝ እየሠራች ነበርና።

የማስታወሻ ደብተር ይዤ አላውቅም። ዛሬ የጀመርኩት መብራቷ ተመልሳ ቤቴ ስለ መጣች ነው።

ያመጣቻት ጁዲ ናት፣ የኖኤል ልጅ። አባቷ ሲሞት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አሁን ሃያ ስድስት ሆኗታል፤ የሌስተር ካዋን ጀልባ ላይ አምስት ዓመት ወጥመድ ስትጎትት ኖራ ዘንድሮ በራሷ ጀልባ ልትወጣ ነው። ሎብስተር የሚጠመድበት ወቅት የሚከፈተው ኖቬምበር 15 ነው።

«አክስት መርል፣ ይቺን አድሺልኝና አረንጓዴውን ለጥፊልኝ» አለች፣ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠቻት።

በዚህ ወደብ የእኔ አረንጓዴ ፕላስተር ያልተለጠፈበት መብራት ይዞ የሚወጣ ጀልባ የለም። ልማዱን የጀመረው አልዊን ነው። ጠዋት፣ በዎርክሾፑ መስኮት ሥር፣ መብራቱ ብልጭ ሲል ይቆጠራል፤ ሳይዘል ሃያ ከሞላ ይለጠፋል። እሱ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው፤ አሁን የምቆጥረው እኔ ነኝ።

«አዲስ ብትገዢ አይሻልሽም?» አልኳት።

«አባዬን ያገኙት በሷ ነው። ሌስተር እስኪደርስ ስትጠራ ነበር፣ ደከመኝ ሳትል። ጥፋቱ የዚያ የእንቅልፋሙ እንጂ የሷ አይደለም።»

እንቅልፋሙ የምትለው የወደባችንን ዓሣ አጥማጅ ክላሪ ድዋየርን ነው።

ሻይዋን ቆማ ጠጣች። በሩ ጋ ከደረሰች በኋላ ዞር ብላ፣ «አንድ አመል ግን አላት» አለች። «በረንዳ ላይ ሰቅያት ሳድር እኩለ ሌሊት ላይ ትቆማለች። ምን ሆነች ብዬ የእጅ ባትሪ ይዤ ስወጣ ደግሞ ብልጭ ትላለች። ታሾፍብኛለች እኮ!»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ አላውቅም።

ኦክቶበር 13

አልከፈትኳትም። ዝናብ። የመጋረጃዎቹን ጨርቅ በሙሉ አጠብኩ፤ ማጠብ አያስፈልጋቸውም ነበር።

ኦክቶበር 15

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። እንደነበረ ልጻፈው፤ ምናልባት ሲጻፍ ይጠራ ይሆናል።

የኖኤል ጀልባ በኦገስት ወር፣ ልክ ሲመሽ፣ ከደሴቱ በስተደቡብ ዓለት መትታ ሰጠመች። ብቻውን ነበር። በሬዲዮ ጠርቶ ነበርና የወደቡ ጀልባዎች በሙሉ ሊፈልጉት ወጡ። ጨረቃ የለም፤ ሰማዩን ደመና ውጦታል። ኖኤል የነፍስ አድን ቀለበቱ ውስጥ ገብቶ፣ መብራቷን ከደረቱ አስሮ፣ ቀለበቱን የባሕር አረም ስለ ያዘው ከቦታው ሳይንቀሳቀስ አደረ። ሌስተር ያገኘው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሐኪሙ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በፊት አልሞተም አለ።

ክላሪ ግን በዚያ አረም አጠገብ ከምሽቱ በአራት ሰዓት አልፏል። ራሱ ነው የተናገረው፣ ማንም ሳያስገድደው። «በአጠገቡ አልፌያለሁ፤ መብራት አልነበረም» አለ ዳኛው ፊት። ሌስተር ደግሞ «ብልጭ ድርግም ስትል ነው ያገኘኋት» አለ። መብራቷን ችሎቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧት። አበሯት። ሠራች። ሰው ሁሉ ወደ ክላሪ ዞረ። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ፤ እኔም ዞርኩ።

መዝገቡ ተኝቶ ነበር አይልም። ሰዉ ግን አለ።

ጀልባ ሲገባ መትከያው ላይ የቆመ ሰው ገመዱን ይቀበላል። የተኳረፈም ይቀበላል፤ እዚህ የሰው ወግ ነው። የክላሪን ገመድ ከዚያ ወዲህ የተቀበለ የለም። ወርውሮ፣ ስቶ፣ ጎትቶ፣ እንደገና ወርውሮ፣ ራሱ ዘሎ ያስራል። ባለፈው ሐሙስ አራት ጊዜ ወረወረ። እድሜው ስልሳ ስድስት ነው። ይህን ሁሉ የማውቀው መስኮቴ ወደ መትከያው ስለሚያይ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ኦክቶበር 18

ዛሬ ከፈትኳት።

ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የማውቀውን ከአልዊን መጻሕፍት ነው ያገኘሁት፣ ከየመስመሩ ሥር ማስመሪያ እያስቀመጥኩ። ስለዚህ እንዲህ ዓይነቱን ሣጥን ለራሴ የምረዳበት የራሴ አነጋገር አለኝ። ባትሪ ድንጋዮቹ ደካሞች ናቸው፣ ስድስት ቮልት። ትራንስፎርመሩ በቀጭኑ እያፏጨ ያን ወደ ሦስት መቶ ያሳድገዋል። ካፓሲተሩ እንደ ዝናብ ውሃ ታንከር ቀስ እያለ ይሞላል። ኒዮኗ ዘበኛ ናት፤ ታንከሩ ሞላ ስትል ትበራለች፣ በሩን ትከፍታለች። ያኔ የመስታወቱ ቱቦ ያን ሁሉ በአንድ ቅጽበት ጠጥቶ ብልጭ ይላል። ከዚያ ፉጨቱ እንደገና ይጀምራል። ሁለት ሰከንድ፣ ብልጭ። ሁለት ሰከንድ፣ ብልጭ።

ችግሩ ካፓሲተሩ ይመስለኛል። ብዙ ዓመት የተቀመጠ ካፓሲተር መያዝ ይረሳል። ቀስ ብሎ፣ በትንሽ በትንሹ እየተሞላ ነው የሚነቃው። ሦስት ቀን ይፈጃል። ከደካማ ኃይል ጋር አገናኝቼ ተውኩት።

ኒዮኗን አልነካኋትም። እዚያው ናት። ብየዳዬ ያስቃል፣ የልጅ ሥራ ይመስላል።

ኦክቶበር 21

ጠዋት፣ መስኮቱ ሥር፣ ሃያ። ሳትዘል። ሌላ ሃያ። መቶ ድረስ ቆጠርኩ።

እንግዲህ ካፓሲተሩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሌስተር የራሱን መብራት ይዞ መጣ። «መርል! እስከ መቼ ነው ከዚህ ሣጥን ጋር የምትኖሪው? ባል ቢሆን እስካሁን ይፈታሽ ነበር» አለና ቁጭ አለ። የሌስተር ቀልድ ነው፤ ሃያ ዓመት ሰምቼዋለሁ። የኖኤልን መብራት ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ።

«ያኔ ስታገኛት ከሩቅ ነው ያየሃት ወይስ ከቅርብ?» አልኩት።

«አሥራ ሰባት ዓመት አልጠየቅሽኝም። ዛሬ ምን ነካሽ?»

«ዝም ብዬ ነው።»

«ከቅርብ። የፍለጋ መብራቴ ብርቱካናማውን ቀለበት አገኘው፤ ወዲያው እሷ ብልጭ አለች። ብልጭ፣ ብልጭ። በስሜ የምትጠራኝ ነው የመሰለኝ።»

«መጀመሪያ ያየኸው ቀለበቱን ነው?»

«ቀለበቱን ልይ፣ ጫማውን ልይ፣ ምን ልዩነት አለው? ትሠራ ነበር። በመጽሐፍ ቅዱስ ምዬ ተናግሬያለሁ።» ፊቱ ቀላ። ከዚያ ለማስታረቅ ይመስል፣ «ለማንኛውም ክላሪ ጀልባውን ሸጠ፤ ሰማሽ? ወቅቱ በተከፈተ ቀን በአውቶቡስ ላይመለስ ይሄዳል። ይገላግለን» አለ።

ኬክ ቆርጬ ሰጠሁት። ሁለተኛም ሰጠሁት።

ኦክቶበር 23

ካፓሲተሩ መታኝ። ውስጡ የቀረውን ኃይል ሳላፈስስ ነክቼው። ክንዴ እስከ ትከሻዬ ደነዘዘ። አልዊን «አንድ እጅሽን ኪስሽ ውስጥ አድርገሽ ሥሪ» ይለኝ ነበር። ረሳሁት። ሃሳቤ የት ነበር?

ኦክቶበር 28

ጁዲ ቅዳሜ ወሰደቻት፤ ዛሬ መለሰቻት። «ያው ናት። አምስት ሰዓት ላይ ቆመች። መብራት አበራሁባት፣ ተነሳች። አጠፋሁ፣ ትንሽ ቆይታ ተኛች። አክስቴ፣ እኔን ነው የምትፈልገው ወይስ ምንድን ነው?»

የባትሪ ማቀፊያውን ሽቦ ቀየርኩ። የቱቦውን ማስነሻ ጥቅል ቀየርኩ። ትራንዚስተሩንም ቀየርኩ፣ ምንም ባይሆንም። ጠዋት ቆጠርኩ፤ ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ። አልገባኝም። እኔ ጋ ለምን ጨዋ ትሆናለች?

ሱቅ ወረፋ ላይ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ያወሩ ነበር። «የክላሪን ጀልባ የገዛው ሰው ስሟን ይቀይር ይሆን?» «ስሟን ብቻ? አልጋውንም ያውጣላት እንጂ!» ሳቁ። አንዷ «እትዬ መርል፣ ይቅርታ፣ አላየንሽም» አለች። ይቅርታው ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ዳቦውን ረስቼ ወጣሁ።

ኖቬምበር 1

መጻሕፍቱን በሙሉ አወረድኩ። ምሽት ላይ፣ በአልዊን ሰማያዊ መጽሐፍ፣ ስለ ኒዮን የሚያወራው ምዕራፍ መጨረሻ፣ በገጹ ግርጌ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈ አገኘሁ። ደጋግሜ አነበብኩት። እንደገባኝ ይህን ይላል፤ ተራ ኒዮን ለመብራት ከውጭ የሚመጣ ትንሽ ብርሃን ይፈልጋል። የመስኮት ብርሃን፣ የሻማ ብርሃን፣ ማንኛውም ይበቃዋል። ፍጹም ጨለማ ውስጥ ግን ይዘገያል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይነሳም። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የሚሠሩት ኒዮኖች በጨለማ የሚያነቃቸው ነገር ውስጣቸው ተጨምሮባቸዋል። የቤት ዕቃ ላይ ያሉት ግን የላቸውም፤ በመልክ አይለዩም፤ አይተኳቸውም።

ከዚህ ጽሑፍ ሥር በእርሳስ ተሰምሯል። የአልዊን እርሳስ ነው፣ ያ ወፍራሙ።

አልዊን ሲያነብ ማስመር ይወድ ነበር ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሌላ የተሰመረ ቦታ ፈለግሁ። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ገለጥኩ። የለም።

ኖቬምበር 2

ሲመሽ የዎርክሾፑን መስኮት በሁለት ብርድ ልብስ ጋረድኩት። በበሩ ሥር ፎጣ ጎሰጎስኩ። መብራቷን አብርቼ የጣሪያውን አምፖል አጠፋሁ፤ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ።

ሰባት ጊዜ ብልጭ አለች። ስምንተኛው ዘገየ። ዘጠነኛውን አላየሁትም።

ፉጨቱ ግን አልቆመም። ታንከሩ ሞልቷል፣ ኃይሉ አለ፣ ቱቦው ይጠብቃል፣ ዘበኛዋ ግን ተኝታለች። ጨለማው ውስጥ ያን ቀጭን ፉጨት እየሰማሁ ሃያ ደቂቃ ተቀመጥኩ። ኖኤልም ይሰማው ነበር ማለት ነው። ደረቱ ላይ ነበረች። ሲመሽ ስትሠራ አይቷታል፤ ከዚያ ቆመች፤ ጆሮው ሥር ግን ታፏጫለች። ይመታት ይሆን? ይነቀንቃት ይሆን? ክብሪት እንኳ ቢኖረው። እርጥብ ነበር።

በሩን በጣት ስፋት ከፈትኩት። ከወጥ ቤት ትንሽ ብርሃን ገባ። ብልጭ።

ዘጋሁ። ቆመች። ከፈትኩ። ብልጭ።

ሌስተር እውነቱን ነው የተናገረው። ክላሪም እውነቱን ነው የተናገረው። መስኮቱ ሥር ሃያ የቆጠርን እኛ ነን ምንም ያልተናገርን።

ኖቬምበር 4

ኒዮኗን ለመቀየር አሥር ደቂቃ ይበቃል። ትክክለኞቹ በአልዊን መሳቢያ ውስጥ አሉ። ከ1974 በኋላ በየዓመቱ ከሜልበርን አሥር አሥር ያዝዝ ነበር፤ ሁለትም አያስፈልገንም ነበር። ሰው ሲያረጅ ማከማቸት ይወዳል።

አሁን ደግሞ ያን ማንቆርቆሪያ አስታወስኩ። አልዊን ከሆስፒታል በወጣ ቀን ሻይ ሊያፈላ ሰካው። ውሃው ፈላ፤ ቀይዋ መብራት ግን አልበራችም። ጎንበስ ብሎ አየው። ምንም አላለኝም። ችሎቱ ባለቀ በሳምንቱ አዲስ ማንቆርቆሪያ ገዝቶ መጣ። አሮጌው ደህና ነበር፤ ለምን እንደገዛ አልጠየቅሁትም። የት እንደጣለው እሱም አልነገረኝም። አሥራ አራት ዓመት ከአዲሱ ማንቆርቆሪያ ሻይ ጠጣን።

ብቀይራት መብራቷ ትድናለች። ጁዲ ትድናለች። ማንም አያውቅም። ማንም አይጎዳም።

ይህን ጽፌ አነበብኩት። ማንም አይጎዳም ብዬ ጽፌያለሁ።

ኖቬምበር 6

ክላሪ ሲገባ መትከያው ላይ ነበርኩ። ዓሣ ልገዛ ነው የሄድኩት። ገመዱን ሲወረውር እግሬ ሥር ወደቀ። ቆሜ አየሁት። ሰዎች ነበሩ። ገመዱ ተንሸራትቶ ውሃ ውስጥ ገባ። ክላሪ ጎትቶ እንደገና ወረወረ።

ሰዎቹ ሲሄዱ ተጠጋሁት። ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃላችን ነው።

«ሚስተር ድዋየር፣ ያን ሌሊት የጀልባዎን መብራት አብርተው ነበር?»

መረቡን መጠቅለል አላቆመም። «ሁሉንም አጥፍቼ ነበር፣ ወይዘሮ ተሎክ። ኮምፓሱ ላይ ያለችውን እንኳ በኮፍያዬ ሸፍኛት ነበር። ብልጭታ የሚፈልግ ሰው ዓይኑን በራሱ መብራት አያሳውርም። አባቴ ያስተማረኝ ነው። የገና ዛፍ መስሎ የወጣው ሌስተር ነው።»

«እና ምንም አላዩም?»

«ምንም» አለ። ከዚያ እጁ ቆመ። «ለምን ጠየቁኝ?»

«ዝም ብዬ ነው።»

ዝም ብዬ! ሁለተኛ ጊዜዬ ነው። የፍለጋ መብራቱን እንደ ሌስተር ቢያበራ ትነሳ ነበር። ጥንቃቄው ነው ያስቀራት። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ያገኘው ነበር። ይህን እንዴት አድርጌ ነው ለሰው የምነግረው? ዓሣውንም አልገዛሁም።

ኖቬምበር 8

ቀየርኳት። የማንቆርቆሪያዋን ጥጥ ውስጥ ጠቅልዬ በመድኃኒት ብልቃጥ አስቀመጥኳት። በብርድ ልብሱ ጨለማ ውስጥ ሦስት መቶ ቆጠርኩ። አንድም አልዘለለችም።

ብልቃጧን ሁለት ጊዜ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣልኳት፤ ሁለት ጊዜ አወጣኋት።

ኖቬምበር 9

ጁዲ መጥታ ወሰደቻት። አረንጓዴውን ለጠፍኩላት።

«ምን ነበረች?»

«ኒዮኗ ናት። አርጅታ ነበር።»

አርጅታ ነበር። እንዲህ ነው ያልኩት፣ ዓይኗን እያየሁ።

አቀፈችኝ። የዓሣና የቀለም ሽታ አላት፣ እንደ አባቷ። «እናቴ ሁልጊዜ ምን ትላለች መሰለሽ? የአክስት መርል እጅ የነካው መብራት አያሳፍርም ትላለች። ሰው ነው የሚያሳፍረው። ያ ሽማግሌ ሲሄድ መትከያው ላይ ቆሜ አጨበጭብለታለሁ፣ ታያለሽ።»

«እንዲህ አይባልም፣ ጁዲ።»

«ለምን? አባቴን ትቶት አለፈ እኮ!»

ለምን ለሚለው መልስ ነበረኝ። ሻይ ትጠጫለሽ ወይ አልኳት።

ኖቬምበር 10

ሁለት ቀን ምግብ አልበላሁም፤ ለሚጠይቁኝ ብርድ ነው ብያቸዋለሁ። አዲሱ ማንቆርቆሪያ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ታናድደኛለች። ማንቆርቆሪያውን ከሶኬቱ ነቀልኩት። ውሃ በድስት አፈላለሁ።

ኖቬምበር 12

ሄድኩ። ማሰብ ሳልጀምር ካፖርቴን ለብሼ ሄድኩ።

ክላሪ ጀልባው ውስጥ ዕቃ ያስራል። «ይግቡ ወይዘሮ ተሎክ። ወንበሩን ሸጬዋለሁ፤ ሣጥኑ ላይ ይቀመጡ» አለኝ። አልተቀመጥኩም። ቆሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት፤ ማንቆርቆሪያውን፣ ጨለማውን፣ በሩን ስከፍት ብልጭ ማለቷን። ብልቃጧን ሰጠሁት። ወደ መስኮቱ ይዟት ቆመ። የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር ናት።

ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ወይም ይመታኛል ብዬ። ያልጠበቅሁት ሆነ።

«እንግዲያው አልተኛሁም?» አለ።

«አልተኙም።»

«እርስዎ እንዴት ያውቃሉ?»

«መብራቷ ጠፍታ ነበራ።»

«መብራቷ ጠፍታም እኔ መተኛት እችላለሁ» አለ። ሣጥኑ ላይ እሱ ተቀመጠ። «መጀመሪያ አልተኛሁም እል ነበር። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት። ሰው ሁሉ ተኝተሃል ሲልህ ራስህን መጠየቅ ትጀምራለህ። መሪው ላይ አንገቴ ዘንበል ሲል ይታየኛል። አሁን ሳስበው በደንብ ይታየኛል። በ1980 ሆባርት ሄጄ፣ እዚያ ለምትኖረው ለኖኤል ሚስት ተኝቼ ነበር አልኳት። ተንበርክኬ። እሷም ይቅር ብዬሃለሁ አለችኝ። አሁን ምን ላድርግ? ይቅርታዋን ልመልስላት?»

ለጁዲ እናቷ ይህን ነግራታለች ማለት ነው፤ ለዚህ ነው ልጅቷ እንደዚያ እርግጠኛ የሆነችው። የተናዘዘው እሱ ነው፤ የሠራሁት እኔ ነኝ።

«ተኝተውም ይሁን ነቅተው የሚታይ ነገር አልነበረም» አልኩት። «ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም።»

ያኔ ቀና ብሎ አየኝ፤ አንቺ አለኝ። «መርል፣ አሥራ ሰባት ዓመት ከመስኮትሽ ሆነሽ ስታዪኝ አይሽ ነበር። ገመዱን ስወረውር መጋረጃሽ ይነቃነቃል። ከዚህ ወደብ አንድ ሰው ታዝንልኛለች ብዬ ነበር። ለመሄድ ስወስን የከበደኝ እሱ ነበር።»

ብልቃጧን መለሰልኝ። «እኔን ተዪኝ። እኔ የቱ እውነት እንደሆነ ከእንግዲህ አላውቅም፤ ዕድሜዬም አይበቃም። ልጅቷ ግን የሚቆምላትን ሰውና የማይቆምላትን ሳትለይ ባሕር ልትወጣ ነው። ለሷ ንገሪ።»

«ከሄዱ በኋላ?» አልኩት።

ሣጥኑን ማሰር ቀጠለ።

ከሄዱ በኋላ! እንዲህ ብዬ ጠየቅሁት፤ አፌ ነው የጠየቀው። ክላሪ ከሄደ በኋላ መናገር ለኔ እንደሚቀል እሱ ገና ሳልጨርስ ገብቶታል።

ኖቬምበር 14

ነገ ንጋት ላይ ጀልባዎቹ ይወጣሉ። ክላሪ ከዚያ ቀደም ብሎ ከመትከያው በሚነሳው አውቶቡስ ይሄዳል። ጁዲ ልታጨበጭብ መትከያው ላይ ትቆማለች።

ቀኑን ሙሉ የምናገረውን አጠናሁ። ስጀምር ኒዮኗ አርጅታ ነበር የሚለው ይመጣብኛል፤ ወይም አልዊንም ያውቅ ነበር የሚለው። አዎ፣ ጻፍኩት፤ አልዊን ያውቅ ነበር። ይህንንም ለመደበቂያ ልጠቀምበት እንደምችል አየሁ። እሱ ዝም ያለው ለእኔ ብሎ ነው። እኔ ዝም ያልኩት ለእኔ ብዬ ነው። ልዩነቱን ዛሬ ነው ያየሁት፤ ወይም ዛሬ ነው ያመንኩት፤ የትኛው እንደሆነ እንጃ።

አፌን ስለማላምነው ወረቀቶቹን ከደብተሩ ቀደድኳቸው። አላስተካከልኩም። ሻይ ትጠጫለሽ ወይ ያልኩበትን ቦታም አልሰረዝኩም። አረንጓዴ ፕላስተሬን ከመብራቷ ላይ መላጥ ከፈለገች ትላጠው፤ መብራቷ ግን አሁን በጨለማም ትሠራለች፣ ይህን ራሷ ጨለማ ውስጥ ቆጥራ ታረጋግጥ፣ በእኔ ቃል አትመን።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል። የቤቷ መብራት ከዚህ ይታየኛል፤ አልተኛችም። ካፖርቴን ለብሻለሁ። እነዚህን ገጾች የምትቀበለው ጁዲ ፓይበስ ናት፤ ከእጄ፣ ዛሬ ማታ፤ አንብባ እስክትጨርስ ድረስ ፊት ለፊቷ እቀመጣለሁ።